ፓራቲ ውብ ናት፣ ጫማ ግን ትበላለች

መጀመሪያ የጫማውን ነገር ልናገር። ነጭ ስኒከር አድርጋችሁ ፓራቲ እንዳትሄዱ። እኔ አድርጌ ሄጄ፣ ዛሬ ያ ስኒከር ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ እናቴ ጎመን ስታጠጣ የምታጠልቀው ሆኗል። አዲስ ነበር። ሁለት ቀን ነው ያደረግኩት።

ፓራቲ ብራዚል ውስጥ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሲጽፏት ፓራቲ ናት፣ ሲጠሯት ግን «ፓራቺ» ነው የሚሉት። ከሪዮ ዴ ጄኔሮ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ከሳኦ ፓውሎ ደግሞ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ፖርቹጋሎች ከብራዚል ተራሮች የወጣ ወርቅ የሚጭኑባት ወደብ ነበረች። ሰው ዛሬም የሚሄደው ያችኑ አሮጌ ከተማ ለማየት ነው።

«አንተን ከኮምቦልቻ ምን አደረሰህ?» ለምትሉ፣ ሥራዬ የፋብሪካ ማሽን ጥገና ነው። ማሽኑን የሸጡልን ሰዎች ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሳኦ ፓውሎ ጠሩን። እኔና አንድ የሐይቅ ከተማ ልጅ ሄድን። አየር መንገዳችን እስከዚያ ስለሚበር መንገዱ አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን የቪዛው ወረቀት ነው፣ እሱን ሌላ ቀን። መሀል ላይ ዓርብን አስፈቅደን ከቅዳሜና እሑድ ጋር ስናያይዛት ሦስት ቀን ሆነችልን። ሁሉም «ሪዮ ሂዱ» ሲለን፣ እዚያው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ «ሪዮን ማንም ያያል፣ እናንተ ፓራቲ ሂዱ» አሉን። ሰማናቸው።

ወቅቱ የነሐሴ መጀመሪያ ነበር። ይቺን ያዙልኝ፣ ሁለት ነገር ታመጣለች። አንደኛ፣ ጓደኛዬ ፍልሰታን ይጾማል። ሁለተኛ፣ ጨረቃዋ ልትሞላ የቀራት አንድ ቀን ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል አካባቢ ደረስን። ታክሲው የአሮጌው ከተማ ጫፍ ላይ አወረደንና ሰንሰለት አሳየን። ከሰንሰለቱ ወዲያ መኪና አይገባም። ጥሩ ነገር ነው፣ ሻንጣ ለያዘ ሰው ግን ቅጣት ነው። መንገዱ ድንጋይ ነው። እኛ አገር ኮብልስቶን እንደምንለው እኩል እኩል የተጠረበ እንዳይመስላችሁ። አንዱ የበግ ራስ ያህላል፣ አንዱ ምጣድ ያህላል፣ አንዱ ወጥቷል፣ አንዱ ገብቷል። የሻንጣዬ ጎማ ሃምሳ ሜትር አልሄደም፣ ተነቀለ። ከዚያ ወዲያ በትከሻ።

ሁለት መታጠፊያ እንዳለፍን ጓደኛዬ ቀጥ አለ። «አንተ! ቦርከና ሞልቷል» አለኝ፣ የኮምቦልቻን ወንዝ ማለቱ ነው።

መንገዱ ውኃ ነው። ከግራ ቤት እስከ ቀኝ ቤት ጥርግ ብሎ ሞልቶ ተኝቷል። ነጩ ግድግዳ፣ ሰማያዊውና ቢጫው በር፣ ከላይ ያለው ሰማይ፣ ሁሉም ተገልብጦ ውስጡ ይታያል። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ጎርፍ ሲያይ ቀድሞ የሚያየው ሰዉን ነው፤ ማን ይሮጣል፣ ማን ዕቃ ያወጣል። እዚህ የሚሮጥ የለም። አንዲት ሴትዮ የበሯ ደፍ ላይ እግሯን ሰብስባ ስልኳን ትጎረጉራለች፣ ውኃው ከደፉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቆሟል። ቱሪስቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ፎቶ ይነሳሉ። ሻንጣ ተሸክመን አንዳችን «ያ አላህ!» አንዳችን «በስመ አብ!» የምንል እኛ ብቻ ነን።

በኋላ ነው የገባን። ጎርፍ ሳይሆን ባሕሩ ራሱ ነው። ጨረቃ ስትሞላ ባሕሩ ከፍ ይልና በባሕር ዳሩ ግንብ ላይ በተተዉ ክፍተቶች ገብቶ የታችኛዎቹን መንገዶች ይሞላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በመጣበት ይመለሳል። መንገዶቹ ከሁለቱም ዳር ወደ መሀል ያዘቀዝቃሉ፣ እንደ ቦይ ናቸው። ቤቶቹ ከፍ ብለው ነው የተሠሩት። አስጎብኚው እንደነገረን ሆን ተብሎ ነው። በዚያ ዘመን የፍሳሽ መስመር የሚባል የለም፣ በቅሎው መንገዱን ሲያበላሸው ይውላል፣ ባሕሩ ገብቶ አጥቦት ይወጣል። እኛ አገር ይኼን ሥራ የሚሠራው የክረምት ዝናብ ነው፤ ልዩነቱ የነሱ አጣቢ ጨው አለበት። ስኒከሬን የጨረሰውም ጨዉ ነው። ሲደርቅ ነጭ አውጥቶ ተሰነጣጠቀ።

ስለዚህ ጨረቃዋን አይታችሁ ሂዱ። ውኃውን ማየት ከፈለጋችሁ ስትሞላ፣ ካልፈለጋችሁ ሌላ ሳምንት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ስትሞላ። ጫማ ደግሞ፣ ሳቁ ካላችሁ ሳቁ፣ የገጠሩ ኮንጎ ጫማ ነው የሚያስፈልገው። ውኃ ያወጣል፣ ድንጋዩን ይይዛል፣ ጨው አይነካውም።

ማረፊያችን ፖውዛዳ ከሚሉት ነው፣ በቤተሰብ የሚያዝ ትንሽ ሆቴል ማለት ነው። ስሙን አልጠራም። ኢንተርኔት ላይ ያየነው ክፍል አበባ ያለበት ግቢ ያያል፤ የተሰጠን ክፍል ደግሞ የጎረቤት ግድግዳ ያያል። ብርድ ልብሱ እርጥበት ይሸታል። ቅር ብሎን ስንጠይቅ በስልክ ትርጉም «ፎቶው የሌላ ክፍል ነው» አሉን፣ ያለ ምንም ኀፍረት። ከዚያ የሻወሩ ነገር አለ። ብራዚል ውስጥ ውኃ የሚሞቀው በታንከር ሳይሆን ራሱ የሻወሩ አናት ውስጥ ባለ ማሞቂያ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ከራስህ በላይ። የሥራ ነገር ሆኖብኝ ልብሴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ወጥቼ ሽቦውን አየሁት። አንደኛው ማያያዣ በፕላስተር ተጠቅልሏል። በፕላስተር! የቁስል ፕላስተር ነው የምላችሁ። በቀዝቃዛው ታጠብኩ። ቁርሳቸውን ግን አልክድም፣ ፓፓያው፣ ኬኩ፣ በአይብ የሚጋገረው ትኩስ ዳቦ፣ ሁሉም አንደኛ ነው። ጓደኛዬ ግን ፓፓያ ብቻ በላ።

ለማረፊያው ከአምስት ሁለት። ለከተማዋ ግን አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሰዓት ነው፣ እመጣበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በእግር የሚያስጎበኝ ልጅ አገኘን። ዋጋ የለውም፣ መጨረሻ ላይ ደስ ያለህን ትሰጠዋለህ። እንግሊዝኛው ከኛ ይሻላል፣ ወሬውም ጥሩ ነው፣ አልፎ አልፎ ቅመም እንደሚጨምርበት ግን ያስታውቃል። የማዕዘን ቤቶቹ ላይ ያሉትን ቅርጾች ሁሉ የሚስጥር ማኅበር ምልክት ናቸው ብሎ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ግን ልቤን ገዛው።

ንጣፉን «የልጅ እግር» ይሉታል፣ በነሱ አፍ ፔ ዴ ሞሌኪ። በዚሁ ስም የሚጠራ የኦቾሎኒ ጣፋጭ አለ፣ በተሽከርካሪ ጋሪ ይሸጡታል፣ ገዛን። ኦቾሎኒው ከስኳሩ ላይ እብጥ እብጥ ብሎ ወጥቷል፤ ጎንበስ ብላችሁ ንጣፉን ብታዩት ቁርጥ እሱን ነው። ሞሌኪ የሚለው ቃል ራሱ ከአንጎላ፣ ከኪምቡንዱ ቋንቋ የመጣ ነው፣ ልጅ ማለት ነው። ቃሉን ይዘውት የመጡት በመርከብ ተጭነው የመጡት ናቸው። ንጣፉንም ያነጠፉት እነሱ ናቸው። ብራዚል ከአፍሪካ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት አስገብታለች፣ ከአሜሪካ አህጉር አገሮች ሁሉ ይበልጣል። ሰው ፓራቲ ሄዶ ቀና ብሎ ሰገነቱን፣ መስኮቱን፣ ቀለሙን ነው ፎቶ የሚያነሳው። እኔ የምላችሁ ወደታች እዩ ነው። እዚያች ከተማ ውስጥ ከሁሉ የበለጠው ዕቃ መሬቱ ላይ ነው ያለው። አለበለዚያም ትወድቃላችሁ። እኔ ሁለቴ ወድቄያለሁ፣ አንዱን ጓደኛዬ ቀርጾታል።

አሁን የመንገዱ ታሪክ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ሚናስ ዤራይስ በሚባለው ተራራማ አገር በ1690ዎቹ ወርቅ ተገኘ። ወርቁ በበቅሎ ተጭኖ፣ ጫካውን አቆራርጦ፣ ተራራውን ወርዶ ፓራቲ ይገባል፤ ከዚያ በመርከብ ሪዮ፣ ከሪዮ ፖርቹጋል። የመንገዱ ቁራጭ ዛሬም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ አለ፣ ድንጋዩ ሸክላ ላይ እንደ ተጫነ። በቅሎ ነጂዎቹ ሰንበሌጥና ጭቃ ሲያቋርጡ እያሰብኩ ባቲ ትዝ አለችኝ፣ ሰኞ ገበያ ከአፋር በግመል ጨው ይዘው የሚወጡት። ጭነቱ ይለያይ እንጂ ኬላው ያው ነው። የፖርቹጋል ንጉሥ ከአምስት አንዱን ይወስዳል፣ መንገድ ላይ ኬላ አለ፣ ወርቁ ይመዘናል፣ ይቆረጣል።

ኬላ ካለ ኮንትሮባንድ አለ። የቅዱሳን ምስል ከእንጨት ይቀርጹና ውስጡን ቦርቡረው ወርቅ ይሞሉበታል፣ ኬላ ላይ ቅዱስ የሚፈትሽ ወታደር የለም። እንደዚያ ይተረካል። ዛሬም ብራዚሎች የውሸት ጻድቅ የሆነውን ሰው «ውስጡ ባዶ የሆነ የእንጨት ቅዱስ» ብለው ነው የሚሰድቡት። ጓደኛዬ ይኼን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የሚሌን መንገድ ኮንትሮባንድ እነዚህ ናቸው ያስተማሩት» አለ። አስጎብኚው ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ እንዴት ብዬ ላስረዳው።

ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ። ሳንታ ሪታ የ1722 ናት፣ ነጻ ለወጡ ክልሶች። ሁለት መንገድ አልፎ ደግሞ የሮዛሪዮ እመቤታችንና የቅዱስ ቤኔዲክት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የ1725፣ በባርነት የነበሩት ለራሳቸው የሠሩት። ባሕሩ ዳር ያለችው ዶሬስ የ1800 ናት፣ የጌቶቹ ቤተሰብ የሚሳለምባት። ትልቋ ማትሪዝ ደግሞ ተሠርታ ያለቀችው በ1873 ነው። ሁሉም ካቶሊክ ናቸው፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጸሎት፣ በቆዳ ቀለም የተለየ በር። እኔ የእናቴ ወንድም ቄስ የሆኑበት፣ አያቴ መስጊድ ያሠሩበት ቤት ነው ያደግኩት፤ ወሎ ውስጥ ይኼ ወሬም አይደል። እዚያ በር ላይ ቆሜ ሁለት ነገር በአንድ ቤት የምንሆነው እኛ ነን ወይስ አንድ ነገር በአራት ቤት የሆኑት እነሱ ናቸው የሚገርሙት እያልኩ ነበር።

ሮዛሪዮ ከሁሉም ቀላሏ ናት፣ እኔ የወደድኳትም እሷን ነው። ውስጧን ለማየት ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። በሩ ላይ የተለጠፈው ሰዓት ሌላ፣ የሚከፈትበት ሌላ። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ተከፍቶ አገኘነው፣ ግማሿ ኮከብ የሄደችው እዚህ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፣ ለኛ ሰው ሳልነግር ብቀር ይቆጨኛል። በብራዚል ጥቁሮቹ በየማኅበራቸው ይዘክሯቸው ከነበሩት ቅዱሳን መሀል ሳንቱ ኤሌስባኦን የሚሉት አለ። ማን መሰላችሁ? የአክሱሙ አፄ ካሌብ ነው። አጠገቡ ሳንታ ኢፊጄኒያ አለች፣ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናት ይሏታል፤ ሪዮ ውስጥ በሁለቱ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ደግሞ ቻርጀር ልንገዛ የሄድንበት የኤሌክትሮኒክስ ሰፈር ስሙ ሳንታ ኢፊጄኒያ ነበር! መርካቶ ቦምብ ተራ በሉት። የማን ስም እንደሆነ ሳናውቅ ሁለት ሰዓት ዋጋ ስንከራከር ውለናል። ጓደኛዬ ሲያውቅ ስልኩን አውጥቶ የቻርጀሩን ካርቶን ፎቶ አነሳ፣ አድራሻው ስላለበት።

ምግብ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አንዱ ፍልሰታን የሚጾም፣ አንዱ አሳማ የማይነካ፣ ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ የማይታወቅ፣ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ። አገራችን ብንሆን ይኼ ምንም አይደለም፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰርግ ላይ ሁለት ድንኳን ይተከላል። ብራዚል ውስጥ ግን አስተናጋጁ ምን እንደምንፈልግ ሳይገባው ሼፉን ጠራ፣ ሼፉ የምግብ ቤቱን ባለቤት ጠራ። ጥቁር ቦሎቄ አለ ሲሉን ሁለታችንም ደስ አለን። መጣ። ጓደኛዬ በማንኪያ አገላብጦ አንዲት ቁራጭ አወጣና ለኔ አሳየኝ። የአሳማ ስብ። ለሱም አይሆን ለኔም አይሆን። በአንዲት ቁራጭ ሁለት ሃይማኖት ጾሙን አደረ።

ሁለተኛው ቀን ዘዴ አገኘን። ጓደኛዬ ሩዝ፣ የተጠበሰ ካሳቫ፣ ሰላጣ፣ ሙዝ። እኔ የባሕር ነገር። የፓራቲ የራሷ ምግብ ካማሮን ካዛዲኞ ይባላል፣ «የተጋቡት ሽሪምፖች» እንደማለት ነው። ሁለት ትልልቅ ሽሪምፕ ሆዳቸው ተሰንጥቆ፣ በተቀመመ የካሳቫ ዱቄት ተሞልቶ፣ ፊት ለፊት ተጣብቀው ይጠበሳሉ። ሽሪምፕ ላይ ሼሆቹ ይለያዩበታል፣ እኔ በሚፈቅዱት በኩል አለፍኩ። ላዩ ኩርም ኩርም ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ሎሚ ጨምቄበት ሁለተኛ አዘዝኩ። ውድ ነው ግን። የአሮጌው ከተማ ምግብ ቤቶች ዋጋ ለቱሪስት ነው፤ ከሰንሰለቱ ውጭ ወጥታችሁ አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ብትበሉ የሆዳችሁም የኪሳችሁም ነገር ይስተካከላል።

ፋሮፋ ለሚባለው ነገር አንድ ቃል። የካሳቫ ዱቄት ነው፣ ተቆልቶ ደረቁን በሁሉ ነገር ላይ ይነሰነሳል። በሶ ነው። ያልበጠበጡት በሶ! ጓደኛዬ ትንሽ ውኃና ጨው ጨምሮ ጨብጦ ጭብጦ አደረገውና በላ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሰዎች መብላታቸውን አቁመው አዩት።

መጠጡን አልቀመስኩም። የሸንኮራ አረቄ ነው፣ ካሻሳ ይሉታል፣ ድሮ «ፓራቲ» ማለት ራሱ የአረቄው ስም ነበር፣ ከ2007 ጀምሮ በአካባቢው ስም የተመዘገበ ነው። መሸጫዎቹ በየማዕዘኑ አሉ፣ ቅመሱ እያሉ ይጎትቷችኋል። ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት አለ። ጓደኛዬ በጾም አልጠጣም ብሎ አሸተተውና «ካቲካላ ነው፣ ስሙን ቀይረውት ነው» ብሎ ፈረደ።

ቡናውስ? ወሎዬ ቡና ላይ አፉን ካላሟሸ ጨዋታ የለም፣ ስለዚህ ሀቁን ልናገር። መጥፎ ነው አልልም። በፔርሙዝ ተቀምጦ የዋለ፣ ብዙ ቦታ ቀድሞ ስኳር የገባበት፣ ቶሎ ጠጥተህ የምትሄደው ነገር ነው። አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ። ቡና ብራዚል የገባው በ1727 ነው፣ ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓሊዬታ የሚባል መኮንን ከፈረንሳይ ጊያና አምጥቶት። ከሰባት ቤት ዞሮ እዚያ የደረሰ የኛው ልጅ ነው፣ ሀብታም ሆኗል፣ ጠባዩን ግን ቀይሯል። እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችልኝን የተፈጨ ቡና ሆቴሉ ወጥ ቤት አፈላሁት። ቁርስ የምትሠራው ሴትዮ አንድ ስኒ ጠጥታ ሁለተኛ ጠየቀችኝ። ፍርዱን ለሷ ትቻለሁ።

ጀልባው ላይ እንዳትሰስቱ። ጠዋት ከወደቡ ትልልቅ የእንጨት ጀልባዎች ይነሳሉ፣ አምስት ሰዓት ያህል እያዞሩ አራት ቦታ ያቆማሉ፣ ደሴት፣ አሸዋ፣ እንደገና ደሴት። ለሰው ወደ 100 ሬያል ከፈልን፣ ምሳ ለብቻ ነው። ጊታር የሚመታ ሰው አለ፣ ድምፁ ባያምርም አይደክመውም። ውኃው አረንጓዴ ነው፣ ከዳሩ ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጫካው በላይ ተራራ። ዩኔስኮ በ2019 ከተማዋን ብቻ ሳይሆን ጫካውንና ደሴቶቹንም አንድ ላይ የመዘገበው ለምን እንደሆነ ከጀልባው ላይ ስታዩት ይገባችኋል። ጓደኛዬ «እኔ ሐይቅን የዋኘሁ ሰው ነኝ» ብሎ ማንም ሳይገፋው ዘለለ። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል። «ጨው ነው!» አለ። ጨው እንደሆነ ያውቃል፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው።

ያላየነው ብዙ ነው። ምሽጉን ሮጥ ብለን አየነው፣ መድፎቹና ነፋሱ ጥሩ ናቸው። ካምፒኞ የሚባለው መንደር ግን ቀረብን፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች ልጆች የሚኖሩበት ነው፣ ሦስት ሴቶች የመሠረቱት ብለው ይተርካሉ። እንደገና ብሄድ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። ሦስት ቀን ካላችሁ አንዱን ለዚያ አድርጉት፣ የአረቄ ቤቶቹን ጉብኝት ዝለሉት።

አሁን ወደ ልቤ ነገር። ከተማዋ እንዲህ ሳትነካ እንዴት ቆየች ብዬ ስጠይቅ የሰማሁት መልስ ነው ቤቴ ድረስ የተከተለኝ። ማንም አስቦ አልጠበቃትም። መንገዱ ነው የተቀየረው። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ከወርቁ አገር በቀጥታ ሪዮ የሚወርድ አዲስ መንገድ ተከፈተ፣ ወርቁ ፓራቲን ተዋት። በ1800ዎቹ ቡና መጣና ነፍስ ዘራች፣ ከዚያ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ቡናውም በሌላ በኩል ሄደ። 1888 ላይ ባርነት ቀረ፣ እሱም ቢሆን ከአሜሪካ አህጉር ሁሉ መጨረሻ። ያ ዓመት ለኛ ክፉ ቀን የገባበት ነው። ጉልበቱን በነጻ የሚሠራላቸው ሲያጡ ባለርስቶቹም ሄዱ። ከተማዋ ባዶ ቀረች። ሪዮንና ሳንቶስን የሚያገናኘው አስፋልት በ1970ዎቹ እስኪመጣ ድረስ ዋናው መግቢያ በጀልባ ነበር። አሮጌ ቤት አፍርሶ ፎቅ ለመሥራትም እኮ ገንዘብ ይጠይቃል። ያ ገንዘብ ስላልነበረ ነው ዛሬ እኛ ፎቶ የምንነሳው። በ1958 መንግሥት ቅርስ ነው ብሎ ሲመዘግባት ጉዳዩ ያለቀ ነበር።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ተሳቢ። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ። በኛ አቆጣጠር 1990 ላይ መንገዱ ሲዘጋ የባቲ መስመር ሹፌር ቤቶች እንዴት እንደቀዘቀዙ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የነበረ ሻይ ቤት ማታ አንድ ሰዓት ሲዘጋ። ስለዚህ አስጎብኚው «መንገዱ ተቀየረ» ሲል ሌሎቹ ቱሪስቶች ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ልዩነቱ እኛ ጋ የቀረው የቆርቆሮ ቤት ነው፣ እነሱ ጋ ፖርቹጋሎች በድንጋይ ነበር የሠሩት።

አባባ ባሕር ሲያወሩ ሁሌም ከሽታው ነው የሚጀምሩት። ገና ሳይታይ በመስኮት ይገባል፣ ያኔ ረዳቱን ቀስቅሰው «ደረስን» ይሉታል።

እሑድ ጠዋት፣ አገር ቤት ከሰዓት ሲሆን፣ ከአውቶቡሱ በፊት ወደቡ ላይ ቁጭ ብዬ በቪዲዮ ደወልኩላቸው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የተቀቡ ትንንሽ ጀልባዎች ተደርድረዋል፣ ከኋላ ዶሬስ ነጭ ሆና ቆማለች። ስልኩን ቀስ እያልኩ አዞርኩላቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

«ወደብ ነው አላልክም?»

«ነው አባባ።»

«ታዲያ ክሬኑ የታለ?»

«የለም። ድሮ ነበር ወደብ የነበረችው።»

«አሁን ምን ይጭናሉ?»

«ሰው» አልኳቸው። «ቱሪስት።»

ሳቁ። ከዚያ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው «ሽታውስ? እንደ አሰብ ነው?» አሉኝ። አሰብን አላውቀው፣ ምን ልበል። ጎንበስ ብዬ ስልኩን ወደ ውኃው አስጠጋሁላቸው።